ወረርሽኝና የገበሬው ጎተራ፦ ከክፉ ቀን እስከ ኮሮና

መግቢያ

እንደሚታወቀው የዩኒየናችን የምስረታ በዓል በደረሰ ቁጥር በመጽሔታችን ላይ የምናነበው ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሰራጨ፣ ስንት ኩንታል እህል እንደተገዛና አባላት ምን ያህል የትርፍ ክፍፍል እንዳገኙ ነው። ይህም ተገቢ ነው። የተሠራ ሥራ መነገር አለበት። ይሁን እንጂ በበዓል ቀን ያለፈውን ዘመን መለስ ብሎ ማየትና ከዚያ የሚገኘውን ትምህርት ለወደፊቱ መያዝ ደግሞ የአባቶቻችን ልማድ ነው። ይህ ጽሑፍም ወረርሽኝ ሲነሳ የሰው እንጀራ ምን እንደሚሆን ከአገራችን ታሪክ በመነሳት ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ወረርሽኝ ሲባል ሁላችንም ቀድመን የምናስበው ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት ነው። ስለ እህል የምናስበው ዘግይተን ነው። ለነገሩ በሽታ ጤፍ አያደርቅም፤ ጎተራም አይሰብርም። ታዲያ በወረርሽኝ ዘመን ሰው የሚራበው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ሦስት ዘመናትን እንመልከት። እነሱም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን፣ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ እና በ2012 ዓ.ም. የገባው ኮሮና ናቸው። የመጀመሪያው በሰው ላይ ሳይሆን በከብት ላይ የመጣ ወረርሽኝ ቢሆንም በሽታ እንዴት ወደ ረሃብ እንደሚለወጥ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚታየው በእሱ ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን።

በሬው ሲያልቅ

የደስታ በሽታ የሚለውን ስም በዕድሜ የገፉ አባላት በደንብ ያውቁታል። ከብትን በጥቂት ቀናት ውስጥ አፉን አቁስሎ፣ ዓይኑን አስለቅሶና አስቀምጦ የሚገድል በሽታ ነበር። ይህ በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ጣሊያኖች በምጽዋ ለነበረው ጦራቸው ቀለብ እንዲሆን ከሕንድ ካመጧቸው ከብቶች ጋር እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ወደ ትግራይ፣ ከዚያም ወደ ቤጌምድር፣ ጎጃም፣ ወሎና ሸዋ፣ ብሎም ወደ ደቡቡ የአገራችን ክፍል ለመዛመት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በአገሪቱ ከነበሩት ከብቶች 90 በመቶ ያህሉ እንዳለቁ ይገመታል። በሽታው በዚህ አላቆመም። በአፍሪካ ምሥራቅ ወደ ታች እየወረደ በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደርሷል።

አሁን በሬው ያለቀበትን ገበሬ እናስብ። መሬቱ አለ። ሞፈርና ቀንበሩም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንድ በሬ የተረፈለት ሰው በደህናው ጊዜ ቢሆን ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርስ ነበር። በዚያ ዘመን ግን መቀናጆ የሚገባበት ጎረቤት አልተገኘም፤ የጎረቤቱም በሬ ሞቷልና። በዶማ ለመቆፈር የሞከረ ቤተሰብ ቢበዛ ከጓሮው ጥቂት ከፍ የሚል መሬት ነው የሚያለማው። በዚህ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩ። የዘር እህል ተበላ። ዘር ከተበላ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢያምርም የሚዘራ ነገር የለም።

ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ለተራበው እህል ማከፋፈላቸው፣ ራሳቸውም ዶማ ይዘው እየቆፈሩ መኳንንቱ አርአያቸውን እንዲከተሉ ማድረጋቸው በታሪክ ተመዝግቧል። በዘመኑ ለባለ ማዕረግ ሰው መሬት መቆፈር እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በአንድ ንጉሥ ዶማ የአገር ጉድለት አይሞላም። ረሃቡ ያዳከመውን ሕዝብ ፈንጣጣ፣ ተስቦና ኮሌራ ተከታትለው ጣሉት። ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ የሚገምቱ ጸሐፊዎች አሉ። ይህም ማለት የከብት በሽታ የሰው ረሃብ ሆነ፤ የሰው ረሃብ ደግሞ ተመልሶ የሰው በሽታ ሆነ ማለት ነው።

እጅ ሲታጣ

ሁለተኛው በ1911 ዓ.ም. የመጣው የኅዳር በሽታ ነው። በዓለም ላይ የስፔን ኢንፍሉዌንዛ ተብሎ ይታወቃል። ስሙን ያገኘው ከስፔን ስለመነጨ አይደለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ስለነበር ተዋጊዎቹ አገሮች ወሬውን ሲደብቁ በጦርነቱ ያልገባችው የስፔን ጋዜጦች በግልጽ ስለጻፉ ነው። በሽታው በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ወደ 10,000 እንደሚጠጋ ተገምቷል። በጊዜው ከተማዋ ትንሽ እንደነበረች ስናስብ ቁጥሩ እጅግ ከባድ ነው። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ይህ በሽታ ከሌላው ጉንፋን የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ የሚከፋው በሕፃናትና በሽማግሌዎች ላይ ነው። የኅዳር በሽታ ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ያለውን ጉልበተኛ ሰው በብዛት ገደለ። አራሽዋ፣ አጫጁ፣ እናት፣ አባት የሚገኘው በዚህ ዕድሜ ነው። አንድ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ሳምንት ሲተኛ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚለቅም፣ እንጀራ የሚጋግር ሰው ይጠፋል። በዚያን ጊዜ የኖሩ ሰዎች እንደተረኩት ከሟቾቹ ብዙዎቹ የሞቱት በበሽታው ብርታት ብቻ ሳይሆን አንድ ጣሳ ውኃ፣ አንድ ጉርሻ የሚያቀርብላቸው በማጣታቸው ጭምር ነው። በአንዳንድ ቤት እህሉ በጎተራ፣ ሰዎቹ ግን በመደብ ላይ ነበሩ። በጎተራና በአፍ መካከል ያለችው እጅ ናት የጠፋችው።

ኅዳር ለገበሬ ምን ወር እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በደጋና በወይና ደጋ ጤፉ የሚታጨደው፣ ገብሱ የሚከመረው በዚህ ወር ነው። የደረሰ ሰብል ቀጠሮ አይሰጥም። ሁለት ሳምንት ያላጨደ ሰው እህሉ ይረግፍበታል፤ ወፍና ምስጥ ይቀድመዋል። በዚህ ወር ዋናው ሠራተኛ የተኛበት ቤት በሽታው ካለፈ በኋላም ቢሆን ለክረምት የሚሆን እህል ሊጎድልበት ግድ ነው። በሕንድም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በዚያው ዓመት ዝናቡ በቅጡ ሳይዘንብ ቀርቶ ስለነበር በሽታው የመጣው በተራበ ሕዝብ ላይ ነው። በዚያች አገር ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ሞቷል።

ከዚያ ዘመን ለእኛ የቀረን ማስታወሻ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየጠረግን የምናቃጥልበት «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ ነው። አካባቢን ማጽዳቱ መልካም ነው። ነገር ግን ከጭሱ ጋር ሌላም ነገር ብናስታውስ ይጠቅመናል። ይኸውም ጎረቤቱ ሲተኛ ማን ያጭድለት እንደነበር ነው።

መንገዱ ሲዘጋ

ሦስተኛው ሁላችንም ያየነው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 22 ቀን በአማራ ክልል ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ትሊሊና አዲስ ቅዳም እንቅስቃሴ ተገደበ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ሲታዘዝ የጉዞ ዋጋ ጨመረ።

በዚህ ጊዜ በሬው አልሞተም። ሠራተኛውም በጅምላ አልተኛም። ሰብልም በኮሮና አልጠፋም። የተበጠሰው በአምራቹና በበላተኛው መካከል ያለው መንገድ ነበር። በዚያን ጊዜ በምሠራበት ቀበሌ በመስኖ ያለሙ ገበሬዎች ሽንኩርታቸው ደርሶ ገዥ አጡ። በየሳምንቱ የጭነት መኪና ይዞ ይመጣ የነበረው ነጋዴ በኬላ ምክንያት ቀረ። ደፍሮ የመጣው ደግሞ «ሌላ የሚገዛችሁ የለም» ብሎ ዋጋውን ራሱ ቆረጠ። በከተማ ያሉ ዘመዶቻችን በስልክ የሚነግሩን ግን ሽንኩርት መወደዱን ነበር። ገበሬው በርካሽ ሸጠ፤ ሸማቹ በውድ ገዛ። ደቦ መጥራትም አስፈሪ ሆነ። አንዳንዱ አዋጁን፣ አንዳንዱ በሽታውን ፈርቶ አርሞውን ብቻውን ሲታገል ከረመ።

በከተማ የደረሰው ችግር ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። በገበያ ላይ እህል ነበር፤ መግዣው ነው የጠፋው። የቀን ሠራተኛው፣ ሻይ ቡና የምትሸጠው እናት፣ የሆቴል አስተናጋጁ የዕለት ገቢያቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመ። በትምህርት ቤት ምገባ ይበሉ የነበሩ ልጆች ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ምሳቸውም ቀረ። በዓለም ደረጃ በዚህ ምክንያት የትምህርት ቤት ምግብ የተቋረጠባቸው ልጆች 370 ሚሊዮን ያህል ደርሰው ነበር። ከሳዑዲ ዓረቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ሲመለሱ ይልኩት በነበረው ገንዘብ እህል ይሸምቱ የነበሩ የገጠር ቤተሰቦችም ተጎዱ። በዚያው ዓመትና በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ በምሥራቁና በሰሜን ምሥራቁ የአገራችን ክፍል ማሽላና ጤፍ በላ። ክፉ ነገር ብቻውን እንደማይመጣ ከክፉ ቀን ጀምሮ የታየ ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ጸደይ ላይ በአሜሪካ ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የወተት ላም አርቢዎች ገዥ አጥተው ወተታቸውን መሬት ላይ ሲደፉ በዚያው ጊዜ በከተሞቹ ሰዎች የእርዳታ ምግብ ለመቀበል ረጅም ሰልፍ ይዘው ነበር። በትልቅ ፋብሪካ የታሸገ ገበያ እንኳ መንገዱ በአንድ ቦታ ሲዘጋ በሌላ መንገድ ለማለፍ ተቸግሯል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ባወጡት ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ720 እስከ 811 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ ተርቧል።

ሦስቱን ጎን ለጎን ስናያቸው

ከላይ እንደተመለከትነው በመጀመሪያው ዘመን በሬው፣ በሁለተኛው እጅ፣ በሦስተኛው መንገድና ገቢ ጠፋ። ሦስቱም እህልን ከሰው ጋር የሚያገናኙ ነገሮች ናቸው። በመሆኑም ወረርሽኝ የሚያስርበን በአብዛኛው እህሉን በማጥፋት ሳይሆን ይህን ማገናኛ በመበጠስ ነው ማለት ይቻላል። ማገናኛው ሲበጠስ ደግሞ ቀድሞ የሚወድቀው አንድ በሬ ያለው፣ ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት፣ ጧሪ የሌለው ሽማግሌና በዕለት ገቢ የሚኖር ሰው ነው። ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ሌላው ግን የሚጠብቅበት ቀን የለውም።

ሌላው ትምህርት ጊዜን የሚመለከት ነው። በሦስቱም ዘመናት ሰው መላ የፈለገው ችግሩ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ዶማ የተነሳው በሬው ካለቀ በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ማዕድ ማጋራት በየመንደሩ ሲካሄድ ብዙ ቤት ደርሷል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን ማዕድ የሚጋራው አስቀድሞ የተቀመጠ እህል ሲኖር ነው።

የደስታ በሽታ እንዴት ጠፋ?

ታሪኩ ሁሉ ሐዘን አይደለም። አገሪቱን ያን ያህል ያስለቀሰው የደስታ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. በአፋር ነው። በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከበሽታው ነፃ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ታወቀላት። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ተበሠረ። በሰው ልጅ ጥረት ከምድር ላይ የጠፋው በሽታ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ይህ ብቻ ነው።

በአፋር የተሠራው ሥራ ለእኛ ልዩ ትምህርት አለው። በዚያ በረሃ ክትባትን በማቀዝቀዣ ይዞ ከብት ካለበት መድረስ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ሙቀት የሚችል ክትባት ቀረበ። ከዚህም በላይ ከአርብቶ አደሩ መካከል ሰዎች ተመርጠው በአጭር ጊዜ ሥልጠና ከብቶቹን ራሳቸው እንዲከትቡ ተደረገ። የትኛው መንጋ በየትኛው ወር የት እንደሚውል ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ከከተማ የሚላክ ባለሙያ ለብዙ ዓመታት ያልደረሰበትን በአካባቢው ሰው ተደረሰ። የዛሬው ሥጋታችን በጎችና ፍየሎችን የሚገድለው ደስታ መሰል በሽታ ነው። ይህንንም ከዓለም ለማጥፋት የተያዘው ዕቅድ የሚሳካው ክትባት በመጣ ቀን በግና ፍየላችንን ይዘን ስንወጣ ነው።

ይህ ለማህበራችን ምን ማለት ነው?

የኅብረት ሥራ ማህበር ማለት በአጭሩ ማገናኛ ነው። በሬ የሌለውን በሬ ካለው፣ እጅ ያጠረውን ጉልበት ካለው፣ አምራቹን ከሸማቹ ያገናኛል። ስለዚህ ወረርሽኝ ከሚበጥሳቸው ነገሮች ጋር የቆመው ግንባር ለግንባር ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ጉዳዮች ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማህበር የሚቀጥለውን ዓመት ዘር በራሱ መጋዘን ለይቶ ቢይዝ። ለመብል ከሚቀመጠው ጋር የተቀላቀለ ዘር በክፉ ቀን መበላቱ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ በየጎጡ በሬ የሌላቸው፣ ሠራተኛ ያጠራቸውና ጧሪ የሌላቸው ቤተሰቦች አስቀድመው ቢመዘገቡ። ወንፈልና ደቦ ዱሮም ያለን ሀብት ነው። ሰው ተራርቆም ቢሆን በሁለት በሦስት ሆኖ በተራ ሊያጭድ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን የማን ማሳ በማን እንደሚታጨድ አስቀድሞ ከታወቀ ነው።

ሦስተኛ፣ ዩኒየናችን ከከተማ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማህበራት ጋር የሚያደርገው የአቅርቦት ውል ለእህል ብቻ ሳይሆን ቶሎ ለሚበላሽ ምርትም ቢሆን። ኬላ በሚበዛበት ቀን ውልና ደብዳቤ ይዞ የሚሄድ የማህበር መኪና ከግለሰብ ነጋዴ ይልቅ የማለፍ ዕድል አለው። ለዚህም የወረዳና የቀበሌ አስተዳደር አካላት ምርት የጫነ መኪና የሚያልፍበትን አሠራር በደህናው ጊዜ ቢያዘጋጁ ይመረጣል።

አራተኛውና ዋናው ገንዘብ ነው። የዋጋ መውረድ ሲመጣ ማህበሩ የአባላቱን ምርት ለመግዛት በእጁ ገንዘብ ከሌለው አባሉ ወደ ደላላ መሄዱ የግድ ነው። በየጠቅላላ ጉባኤው እንደምንሰማው ብዙ አባላት «ትርፉ ሁሉ ይከፋፈል» ይላሉ። አባሉ እንዲህ ማለቱ አይፈረድበትም። ልብስ፣ የልጅ ደብተርና የቆርቆሮ ዕዳ አለበት። የመጠባበቂያ ገንዘብ ግን የማህበሩ ጎተራ ነው። ክፍፍሉ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገበያ ወጪ አያልፍም። ተደምሮ ሲቀመጥ ግን የአንድ ቀበሌን ሽንኩርት ከመበስበስ ሊያድን ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው በክፉ ቀን ሲገለበጥ ይታያል። ሎሚውን ሁሉ ዛሬ ተካፍለን ከበላነው ነገ የሚያጌጥበት ሰው አይኖርም።

«ኮሮና አልፏል፤ ለምን ስለ እሱ እናወራለን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን አስታውቋል። ነገር ግን የኅዳር በሽታ የመጣው ክፉ ቀንን ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ነው። «መንግሥት አለ» የሚልም ይኖራል። መንግሥት እርዳታ ሊልክ ይችላል። የአቶ እገሌ ጤፍ ሳይታጨድ መሬት ላይ እየረገፈ መሆኑን በዚያው ቀን የሚያውቀው ግን ጎረቤቱና ማህበሩ ነው።

ማጠቃለያ

ክፉ ቀን፣ የኅዳር በሽታና ኮሮና በስምም በዘመንም ይለያያሉ። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ያሳዩናል። እህል መኖሩ ብቻውን ሰውን ከረሃብ አያድንም። በእህሉና በሰው መካከል በሬ፣ እጅ፣ መንገድና ገንዘብ አሉ። እነዚህን አጥብቆ የሚይዝ ማህበር ያለው ቀበሌ በሽታው ቢመጣ እንኳ ረሃቡን በደጁ ሊያቆመው ይችላል።

ስለሆነም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ትርፍ ክፍፍል ስንወያይ እያንዳንዱ አባል እጁን ከማውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን እንዲጠይቅ አደራ እላለሁ። ነገ ኬላው ቢዘጋና እኔ ብተኛ ማህበሬ ማሳዬን የሚያሳጭድበትና ምርቴን የሚገዛበት አቅም አለው ወይ? መልሱ «አለው» የሚሆንበትን ቀን በኅብረት እንሥራለት።

ለመላው የዩኒየናችን አባላት መልካም የምስረታ በዓል!